«ኤስጂፒቲው ደህና ነው» ተባልን፤ ጉበቱስ?

(ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ለዕድር አባላትና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ የቀረበ።)

እንደምን ዋላችሁ! አሰላሙ አለይኩም! አካም ጅርቱ! ናበድ!

በዚህ ሙቀት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከቤት መውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እናቶች፣ እባካችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፤ ፋኑ ያለው እዚህ ነው። ወጣቶች፣ ወንበር ልቀቁላቸው። እግዜር ይስጥልኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። 19 ዓመት ሙሉ የዚህን ከተማ ሰው ደም ስቀዳና ስመረምር ኖሬያለሁ። ከሳቢያን፣ ከመጋላ፣ ከለገሃሬ፣ ከገጠር ቀበሌዎቹም። እዚህ ከተቀመጣችሁት መሀል ክንዳችሁን የማውቀው አላችሁ።

ዛሬ የምናወራው ስለ ሲሮሲስ ነው። ሲሮሲስ ምንድን ነው? ጉበት ለዓመታት ሲቆስልና ሲድን፣ ሲቆስልና ሲድን ይኖራል። በመጨረሻ ጠባሳ ይሞላዋል። ለስላሳው ሥጋ ይጠነክራል፣ ጎርበጥባጣ ይሆናል። የሚያቆስለው ብዙ ነው። ሄፓታይተስ ቢ አለ። ሄፓታይተስ ሲ አለ። አልኮል አለ። ውፍረትና ስኳር የሚያመጡት የጉበት ስብ አለ። ስለ ጫትም በኋላ እናገራለሁ፤ ድሬዳዋ ቆሜ እሱን ሳልጠራ ማለፍ አልችልም።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው፣ በምርመራ ወረቀታችሁ ላይ የሕመሙን ክብደት የሚናገሩት ቁጥሮች የትኞቹ ናቸው? ሁለተኛው፣ ሐኪሞች እነዚያን ቁጥሮች እንዴት ይደምሯቸዋል? ሦስተኛው፣ ቁጥሮቹ መቼ ያሳስታሉ?

ወደ አንደኛው ከመግባቴ በፊት ስለ አባቴ ልንገራችሁ።

አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር። ወርክሾፕ ውስጥ 31 ዓመት ሠርቷል። እኔ የላብራቶሪ ተማሪ ሳለሁ ድካም ድካም ይለው ጀመር። ምግብ አስጠላው። ሱሪው ሰፋበት። ሰፈር ውስጥ «የወፍ በሽታ ነው» ተባለ፤ ሥር ተወቅጦ መጣለት። እኔ ለምኜ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። ደም ሰጠ። ውጤቱ መጣ። የጉበት ኢንዛይሞቹ፣ ኤስጂኦቲ 36። ኤስጂፒቲ 29። ያየው ሰው «አባባ፣ ጉበትዎ ደህና ነው፤ ጨጓራ ነው» አለና የጨጓራ መድኃኒት ጻፈለት።

ያን ቀን ቤታችን ደስታ ነበር። እናቴ ቡና አፈላች፣ ፈንዲሻ ተበተነ። ወረቀቱን እኔም ተቀብዬ አየሁት። እኔም «ደህና ነው» አልኩ።

ከስምንት ወር በኋላ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አባቴ ደም አስታወከ። ጥቁርና ቀይ ደም፣ ሳፋ ሙሉ።

ያንን የድሮ ወረቀት በኋላ ከቁም ሳጥን አወጣሁት። እዚያው ላይ፣ ዝቅ ብሎ፣ «ፕላትሌት 84 ሺህ» ይላል። ፕላትሌት ደም እንዲረጋ የሚያግዝ ጥቃቅን የደም ሴል ነው፤ ጤነኛ ሰው ከ150 ሺህ በላይ አለው። ደግሞ «አልቡሚን 2.9» ይላል። ከ3.5 መውረድ አልነበረበትም። ቁጥሮቹ እዚያው ነበሩ። ስምንት ወር ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበሩ። እኔ ሁለቱን ኢንዛይሞች አይቼ ወረቀቱን አጥፌዋለሁ።

ታዲያ ኢንዛይሞቹ እንዴት ደህና ሆኑ? ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲ፣ አሁን አሁን ኤኤስቲና ኤኤልቲ ተብለው የሚጻፉት፣ ጉበት ሴል ውስጥ የሚኖሩ ኢንዛይሞች ናቸው። ኤኤስቲ በጡንቻና በቀይ የደም ሴልም ውስጥ አለ። ሴሉ ሲቆስል ወደ ደም ይፈሳሉ። ስለዚህ የሚነግሩን ዛሬ ምን ያህል ሴል እየቆሰለ እንደሆነ ነው። ስንት ደህና ሴል እንደቀረ አይነግሩንም። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ኢንዛይሙ ልክ ሊሆን ይችላል። ደግሜ ልበለው። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ኢንዛይሙ ልክ ሊሆን ይችላል!

አባቶች፣ እናንተ የወርክሾፑን ድምፅ ታስታውሳላችሁ። የመዶሻው ጩኸት እስከ መጋላ ይሰማ ነበር። ግን ከጩኸቱ ተነስቶ ዛሬ ስንት ሎኮሞቲቭ ተጠግኖ ወጣ ብሎ መናገር የሚችል ነበር? ያንን ለማወቅ በሩ ላይ ቆሞ የወጣውን መቁጠር ነው። የጉበትም እንደዚያው ነው። ኤስጂፒቲ ጩኸቱ ነው። እኛ ማየት ያለብን ከበሩ የሚወጣውን ሥራ ነው።

ሥራውን የሚያሳዩት ሦስት ናቸው።

አልቡሚን አንዱ ነው። ጉበት በየቀኑ የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ውሃን ደም ሥር ውስጥ ይዞ ያቆያል። ሲያንስ ውሃው ወደ እግርና ወደ ሆድ እንዲወጣ መንገድ ይከፍታል። አንድ ጊዜ የተሠራ አልቡሚን ግማሹ እስኪያልቅ ወደ 20 ቀን ገደማ ይቆያል። ስለዚህ አልቡሚን የሚናገረው ያለፉትን ሳምንታት ነው።

አይኤንአር ሁለተኛው ነው። ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ ይለካል። የሚያረጉትን ነገሮች አብዛኞቹን የሚሠራው ጉበት ነው። ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው። ከእነሱ አንዱ፣ ፋክተር ሰባት የሚባለው፣ በሰዓታት ውስጥ ነው ግማሹ የሚያልቀው። ስለዚህ አይኤንአር የሚናገረው የዛሬንና የትናንትን ነው። ጉበት ዛሬ ቢደክም አልቡሚን ገና ሳይሰማ አይኤንአር ይጮኻል።

ቢሊሩቢን ሦስተኛው ነው። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ኖሮ ሲፈርስ የሚወጣ ቢጫ ነገር ነው። ጉበት አጣርቶ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይጥለዋል። መጣል ሲያቅተው ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ማሽኑ ቁጥሩን ሳይነግረን እናውቀዋለን። ደሙ በሴንትሪፊውጅ ተሽከርክሮ ሲወጣ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ እርድ የገባበት ውሃ ይመስላል። ያንን ባየሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ልቤ ይደነግጣል።

ፕላትሌትስ? ፕላትሌት የሚያወራው ስለ መንገዱ ነው። ይህን ለማስረዳት የደቻቱን ጎርፍ ልጥራ።

የ1998 ዓ.ም. ክረምትን የረሳ እዚህ የለም። ሰው የጠፋበት ቤት እዚህ አዳራሽ ውስጥም እንዳለ አውቃለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ያ ደረቅ አሸዋ ነው ብለን የምንሻገረው ወንዝ በአንድ ሌሊት ምን እንዳደረገ አይተናል። ውሃ መሄጃው ሲጠበው አይቆምም። ቤት ውስጥ ይገባል። ከጨጓራና ከአንጀት የሚመጣው ደም ሁሉ በአንድ ትልቅ ደም ሥር ወደ ጉበት ይገባል። ጠባሳው መንገዱን ሲዘጋበት ደሙ ይመለሳል። ወደ ጣፊያ ይመለሳል፤ ጣፊያ ታብጣለች፣ ፕላትሌቱን ይዛ ታስቀራለች። ወደ ጉሮሮ ቧንቧ ይመለሳል፤ እዚያ ያሉት ቀጫጭን ደም ሥሮች ይወጠራሉ። አንድ ሌሊት ይፈነዳሉ። አባቴን ያገኘው ይኼ ነው።

84 ሺህ የሚለው ቁጥር «ደሙ መመለስ ጀምሯል» እያለ ነበር። ያኔ የሰማው ቢኖር ጉሮሮን በካሜራ የሚያዩበት ኢንዶስኮፒ ይታዘዝለት ነበር። የደም ሥሩን ግፊት የሚቀንስ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ መድኃኒት አለ። የተወጠረውን ደም ሥር በላስቲክ የሚያስሩበት ሕክምናም አለ። ይህን ስናገር ዛሬም ያመኛል።

ዓመታት አልፈው፣ ፊብ ፎር የሚባለውን ስሌት ስማር፣ የአባቴን ወረቀት እንደገና አወጣሁት። ፊብ ፎር ምንም አዲስ ምርመራ አይጠይቅም። ዕድሜን በኤኤስቲ ታበዛለህ። ፕላትሌትን፣ 84 ሺህ ከሆነ 84 ብለህ፣ በኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ታበዛለህ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ታካፍላለህ። ከ3.25 በላይ ከሆነ ከባድ ጠባሳ ይጠረጠራል። አባቴ 61 ዓመቱ ነበር። 4.9 ገደማ መጣ። አፕሪ የሚባለውንም ሠራሁት፤ እሱ ኤኤስቲንና ፕላትሌትን ብቻ ነው የሚፈልገው። ከ1 በላይ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሄፓታይተስ ቢ መመሪያ፣ አዋቂ ሰው ላይ አፕሪ ከ1 በላይ ሲሆን ሲሮሲስን ያመለክታል ይላል። «ደህና» በተባለ ኢንዛይም! ካልኩሌተር ያለው ሰው በሁለት ደቂቃ ይደርስበት ነበር።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሂድ። ድምሩ።

ቻይልድ እና ተርኮት የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች በ1964 እ.ኤ.አ. ሲሮሲስ ያለበትን ሰው በሦስት ደረጃ ከፈሉ። በ1973 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ፒዩ የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር አሻሻለው። ዛሬም ቻይልድ ፒዩ ተብሎ ይሠራበታል። አምስት ነገር ያያል፤ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል።

ቢሊሩቢን ከ2 በታች 1 ነጥብ፣ ከ2 እስከ 3 ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ በላይ ሦስት። አልቡሚን ከ3.5 በላይ 1፣ ከ2.8 እስከ 3.5 ሁለት፣ ከዚያ በታች ሦስት። አይኤንአር ከ1.7 በታች 1፣ እስከ 2.3 ሁለት፣ ከዚያ በላይ ሦስት። የቀሩት ሁለቱ በደም አይለኩም። ሆድ ውሃ ቋጥሯል ወይ? አእምሮ ጠርቷል ወይ? እነሱን ዓይንና ጆሮ ነው የሚለካቸው። 5 እና 6 ኤ ይባላል። ከ7 እስከ 9 ቢ። ከ10 እስከ 15 ሲ፤ ከሁሉ የከፋው።

አባቴ ሆስፒታል በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ቢሊሩቢን 2.4፣ ሁለት። አልቡሚን 2.6፣ ሦስት። አይኤንአር 1.9፣ ሁለት። ሆዱ ትንሽ ውሃ ነበረው፣ ሁለት። አእምሮው ጥርት ያለ ነበር፤ የልጅ ልጆቹን በስም ይጠራ ነበር፤ አንድ። ደምሩልኝ እስቲ። አዎ፣ 10። ሲ። ያን ቀን ኤስጂፒቲው ስንት ነበር? 31።

ሜልድ የሚባልም አለ። ቢሊሩቢንን፣ አይኤንአርንና ኩላሊት አጣርቶ የሚያስወጣውን ክሬቲኒን ወስዶ ከ6 እስከ 40 ቁጥር ይሰጣል። አሜሪካ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጉበት የሚተከልለትን ሰው ወረፋ የምትይዘው በእሱ ነው። በኋላ ሶዲየምም ተጨመረበት። ስሌቱን ለሐኪሞቹ ልተወው። እናንተ ግን ይህን ያዙልኝ፤ ጉበት ሲደክም ኩላሊት ይከተላል። ክሬቲኒን መጨመር፣ ሶዲየም ከ130 በታች መውረድ፣ ሲሮሲስ ላለበት ሰው ቀላል ወሬ አይደለም። ቺኩንጉንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ከተማችን ሲገባ ለመገጣጠሚያ ሕመም ዲክሎፌናክ ስንውጥ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እንዳይነካ! ኩላሊቱን ይጥሉታል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ቁጥሮቹ የሚያሳስቱበት ጊዜ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የኔ ሥራ ነውና።

እኛ የምንኖረው ድሬዳዋ ነው። ወባ አለብን። በ2013 እ.ኤ.አ. ደንጌ ገባብን። ወባ ቀይ የደም ሴልን ያፈርሳል፤ ቢሊሩቢን ይጨምራል። ወባም ደንጌም ፕላትሌትን ይጥላሉ። ደንጌ ኤኤስቲን ሰማይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ትኩሳት ላይ ሆኖ የተሰጠ ደም የጉበትን ደረጃ አይናገርም። አንድ ወጣት ፕላትሌቱ 60 ሺህ ሆኖ ቤተሰቡ «ሲሮሲስ ነው» ብሎ ሲያለቅስ አግኝቻለሁ። ወባ ነበር። ታክሞ በሦስተኛው ሳምንት ሲመለስ 210 ሺህ።

ፀሐይም ታሳስታለች። ቢሊሩቢንን ብርሃን ያፈርሰዋል። ተወልደው ቢጫ የሆኑ ሕፃናት መብራት ስር የሚተኙት ለዚህ ነው። አሁን አስቡት፤ ደም አንድ ክሊኒክ ተቀድቶ፣ በቀትር ፀሐይ በባጃጅ ተጭኖ ሌላ ላብራቶሪ ይላካል። የተላከበት ብልቃጥ ካልተሸፈነ ቁጥሩ ከእውነቱ አንሶ ይወጣል። ደማችሁ ሌላ ቦታ የሚላክ ከሆነ «ይሸፈንልኝ» በሉ። መብታችሁ ነው።

አይኤንአር የሚቀዳው ሰማያዊ ክዳን ባለው ቱቦ ነው። ውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ አለ፤ ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ፈሳሽ ነው ልኩ። ቱቦው እስከ መስመሩ ካልሞላ ፈሳሹ ይበዛል፣ ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። ደሞ ቫይታሚን ኬ ያነሰው ሰውም አይኤንአሩ ይጨምራል። ሐኪሙ ቫይታሚን ኬ ሰጥቶ እንደገና ቢያስለካ አትሰልቹ። ቁጥሩ ቢመለስ ትልቅ የምሥራች ነው፤ ጥፋቱ የጉበት ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ክሬቲኒንም ያታልላል። የሚመጣው ከጡንቻ ነው። ሲሮሲስ ጡንቻን ይበላል። ክንዱ የሰለለ ሰው ክሬቲኒኑ «ደህና» ሆኖ ኩላሊቱ ግን ደክሞ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ልመና አለኝ። «ጉበት ነው» ሲባል ሥጋ፣ እንቁላል፣ ባቄላ የምትከለክሉ ቤተሰቦች፣ እባካችሁ ተዉ። መቀነስ ያለበት ጨው ነው። ፕሮቲን ያስፈልገዋል።

አእምሮን በደም እለካለሁ ብሎ አሞኒያ የሚያስመረምርም አለ። አሞኒያው ከፍ ብሎ አእምሮው ጥርት ያለ ሰው አለ፤ የተገላቢጦሹም አለ። የሕመሙን ደረጃ አይነግረንም። ከአሞኒያ ይልቅ የቤት ሰው ይበልጣል። ቀን እየተኛ ሌሊት የሚነቃ፣ ቃል የሚጠፋው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አንጎሉ ተነክቷል። በእኛ ከተማ ግን ምን እንላለን? «ቅሞ ነው እንቅልፍ ያጣው።» ስንቱ በዚህ አዘገየ!

እንግዲህ ስለ ጫት። ጫት ለስንት ቤተሰብ እንጀራ እንደሆነ አውቃለሁ። የኔም አክስት ሸጣ ነው ልጆቿን ያስተማረችው። ማንንም ለመክሰስ አልቆምኩም። ግን ሐረር ውስጥ በሆስፒታል የተጠና፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸውን 150 ሰዎች በሽታው ከሌለባቸው 300 ሰዎች ጋር አነጻጸረ። ጫት የሚቅሙት ላይ በሽታው በብዙ በልጦ ተገኘ። መጠኑ በጨመረ ቁጥር አደጋውም ጨመረ። ሄፓታይተስ ሳይኖርባቸው፣ ሳይጠጡ፣ ጉበታቸው የጠና ወንዶችን እኛም በየሳምንቱ እናያለን። በየቀኑ የምትቅሙ ወንድሞቼ፣ ቢያንስ ፕላትሌታችሁንና አልቡሚናችሁን እወቁ። በርጫውን ጨርሳችሁ ጨብሲ ብላችሁ አልኮል የምትጨምሩማ፣ አጥብቄ ነው የምለምናችሁ።

የቻይልድ ፒዩ ሲ ማለት የሞት ፍርድ ነው ብላችሁ ደግሞ እንዳትወጡ። በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት ሆዱ ውሃ ቋጥሮ፣ በሁለት ሰው ተደግፎ የመጣ አንድ የአሸዋ ነጋዴ አለ። ቴኖፎቪር ተጀመረለት። መድኃኒቱን አንድ ቀን አላቋረጠም። በየሦስት ወሩ ደሙን የምቀዳው እኔ ነኝ። አልቡሚን 2.4 ነበር። ከዚያ 2.7። ከዚያ 3.1። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው 3.6። ፕላትሌቱ ገና ዝቅ ያለ ነው፤ ጠባሳው ቶሎ አይለቅም። ግን ዛሬ ሱቁን ራሱ ይከፍታል። ለዚህ ነው አንድ ወረቀት ብቻ አይበቃም የምለው። አሮጌዎቹን ወረቀቶች አትጣሉ! በቀን በቀናቸው ደርድራችሁ አንድ ክላሰር ውስጥ አስቀምጡ። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ክላሰሩን ይዛችሁ ሂዱ።

ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ከጀመረው ግን ክላሰር አትፈልጉ። በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። ውሃው ተመርዞ ሊሆን ይችላል። ደም ያስታወከም፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረም እንዲሁ።

ልጆችስ? ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት በሚወስዱት አምስት በአንድ ክትባት ውስጥ አለ። እኛ ከዚያ በፊት የተወለድነው ግን አልተከተብንም። እጅ አውጡልኝ፤ ሄፓታይተስ ቢ ተመርምሮ የሚያውቅ? … አንድ፣ ሁለት … ሰባት ሰው። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ።

እንግዲያውስ ንግግሩ እዚህ ላይ ይብቃ። ሁለት ባልደረቦቼ ከጎን ባለው ክፍል የጣት ደም መመርመሪያውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሃያ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ያልተመረመራችሁ በዚያ በኩል ተሰለፉ፤ እናቶችንና አረጋውያንን አስቀድሙ። ወረቀት ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ እኔ ጋ ኑ። ወንበር ስቤ እዚሁ ፋኑ ስር እቀመጣለሁ። ከላይ እስከ ታች አብረን እናነበዋለን።